ትንሿ ብልቃጥና ትልቁ ውሸቴ

መምህር አጥብቆ የሚፈራው ከማያውቀው ነገር ላይ ጥያቄ እንዳይመጣበት ነው ይባላል። እኔ ግን በሦስት ዓመት የመምህርነት ኑሮዬ የተማርሁት ሌላ ነው። መምህርን የሚጥለው ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ነገር ነው። ያላወቀ ሰው «አላውቅም» ብሎ ይገላገላል፤ ያወቀ ሰው ግን፥ በተለይ የቸኮለና የደከመው እንደ ሆነ፥ ያወቀውን ቆርጦና አሳጥሮ ለሌላው ያቀብላል፤ ሌላውም አምኖ ይቀበለዋል። ይህን ያስተማረችኝ በርዝመት ከክብሪት እንጨት የምታንስ አንዲት የመስተዋት ብልቃጥ ናት። ታሪኩ እኔን የሚያስመሰግን አይደለም። ይሁን እንጂ እንደኔ ትምህርቱን ጨርሶ በየወረዳው ከተማ ሥራ ለያዘ ወጣት ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ እነሆ ጽፌዋለሁ።

የምኖረው በምዕራብ ሐረርጌ በመቻራ ከተማ ነው። ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል ከነበረችው ከጭሮ የተነሣ መንገደኛ በበዴሳና በገለምሶ በኩል አልፎ ይደርስባታል። ዕድሜዬ ሃያ ስድስት፥ ሥራዬ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ማስተማር፥ ሀብቴም አንድ አልጋ፥ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ካርቶን መጻሕፍት ነው። መቻራ ቡናዋ የጣፈጠ፥ ሰዋም እንግዳ የሚወድ ከተማ ናት። አንድ ነውር ብቻ አለባት፤ መብራቷ እንደ ሀብታም ዘመድ ሲፈቅድ ይመጣል፥ ሳይፈቅድ ይቀራል።

አንድ የክረምት ማታ ከጓደኞቼ ጋር አምሽቼ ወደ ቤቴ ስመለስ መብራት ጠፍቶ ነበር። ስልኬም ባትሪው አልቆ ሞቷል። ከበሬ ላይ ደርሼ ቁልፌን ሳወጣ ከእጄ አምልጦ ጭቃ ውስጥ ወደቀ። የሐረርጌ ዝናብ በራሴ ላይ እየወረደ ተንበርክኬ ጭቃውን ስዳብስ የቆየሁበትን ጊዜ አሁን ባሰብሁት ቁጥር እስቃለሁ፤ የዚያን ለት ግን አልሳቅሁም። ለፋሲካ አዲስ አበባ ወርጄ ይህን ለዘመዶቼ ስተርክ በእንግሊዝ አገር የሚኖረው ታናሽ አጎቴ ከሁሉ አብልጦ ሳቀ። ከዚያም ከራሱ የቁልፍ ማንጠልጠያ ላይ አንዲት ነገር ፈትቶ በመዳፌ አስቀመጠልኝ። «ለሌሊት ሥራ ስወጣ ቁልፌን የማገኝባት እርሷ ናት። ከኔ ይልቅ ላንተ ታስፈልግሃለች» አለኝ።

በቀን ሲያይዋት ዋጋ ያላት አትመስልም። በወፍራም ፕላስቲክ ውስጥ የተቀበረች ነጣ ያለች የመስተዋት ብልቃጥ ናት። መብራቱን ባጠፋን ጊዜ ግን በመዳፌ ላይ አረንጓዴ ብርሃን ፈነጠቀች። ባትሪ የላትም፤ እንደ አንዳንድ የሰዓት ቀለም ቀን ከፀሐይ ጠጥታ ማታ የምትመልስም አይደለችም፤ መክፈቻና መዝጊያ የሚባል ነገርም አታውቅም። ሳጥን ውስጥ አንድ ዓመት ቆልፈው ቢያስቀምጧት ያን ሁሉ ጊዜ ለብቻዋ ስታበራ ትከርማለች። ወደ መቻራ ተመልሼ በመጀመሪያው ሌሊት ከትራሴ አጠገብ አድርጌአት ስመለከታት ከእንቅልፌ ብዙ ሰዓት ተሰረቀ።

ይህች ብልቃጥ ምን እንደ ሆነች በአጭሩ ልንገራችሁ። በውስጧ ትሪትየም የሚባል ጋዝ አለ። ትሪትየም የሃይድሮጅን ወንድም ነው። ተራው ሃይድሮጅን በአቶሙ እምብርት አንድ ፕሮቶን ብቻ ሲኖረው፥ ትሪትየም በዚያ ላይ ሁለት ኒውትሮኖች ተሸክሟል። ሸክሙ ስለሚከብደው አቶሙ አንድ ቀን ይለወጣል፤ አንዲት ኤሌክትሮን ወርውሮ ሄሊየም ይሆናል። የብልቃጧ የውስጥ ግድግዳ ዚንክ ሰልፋይድን በመሰለ የሚያበራ ዱቄት የተቀባ ነው። የተወረወረችው ኤሌክትሮን ያን ዱቄት ስትመታው ብልጭ ይላል። ብልጭታው ለብቻው በዓይን አይታይም፤ በአንዲት ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ግን በእያንዳንዱ ሰከንድ በቢሊዮን የሚቆጠሩ አቶሞች ስለሚለወጡ ብልጭታው ተጋጥሞ የማያቋርጥ ብርሃን ይመስላል።

ትሪትየምን እ.ኤ.አ. በ1934 በካምብሪጅ ያገኙት ኧርነስት ራዘርፎርድ፥ ማርክ ኦሊፋንትና ፖል ሃርቴክ ናቸው። ጨረር የሚያወጣ መሆኑን ያሳዩት ግን በ1939 በአሜሪካ ሉዊስ አልቫሬዝና ሮበርት ኮርኖግ ናቸው። ዛሬ ብልቃጡን በመሥራት የታወቀ ፋብሪካ በስዊስ አገር በበርን ከተማ አጠገብ ይገኛል፤ ቀጭኑን የመስተዋት ቱቦ በጋዙ ከሞሉት በኋላ በሌዘር ጨረር አቅልጠው ይዘጉታል። ከዚያ በእጅ ሰዓት ላይ፥ በኮምፓስ ላይ፥ በአውሮፕላንና በትልልቅ ሕንፃዎች የመውጫ ምልክት ላይ ይውላል። በእንግሊዝና በሌሎችም አገሮች ቴምብር እንደሚሰበስብ ሰው ብልቃጦቹን በየቀለሙ የሚሰበስቡ ወዳጆች አሏቸው። ሰማያዊ፥ ቀይ፥ ብርቱካናማና ነጭ ይገኛል። የሰው ዓይን በጨለማ ለአረንጓዴ ቀለም የነቃ ስለ ሆነ ግን ከሁሉ ደምቆ የሚታየው የኔው ዓይነት ነው።

ብልቃጧን ወደ ክፍል ይዤ የገባሁ ዕለት መስኮቱን በካርቶን ጋረድንና ተማሪዎቼ እየተጋፉ ከበቡኝ። ከኋላ ያለ አንድ ልጅ በኦሮምኛ «ኢፋ!» ብሎ ጮኸ፤ ብርሃን ማለቱ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ ኢፋ ሆነ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። አንዱ ባልደረባዬ ካንሰር ታመጣለች ብሎ ወንበሩን ከኔ አራቀ። ሁለተኛው ደግሞ ምናልባት የዓይን በሽታ ትፈውስ ይሆናል ብሎ አቀረበ። እኔም በሁለቱም ሳቅሁባቸው። የሳቅሁበት ነገር በራሴ አፍ እንደሚመለስ በጊዜው አልታየኝም።

የምኖርበት ቤት ባለቤት ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ መበለት ናቸው። እማማ እላቸዋለሁ። እርሳቸውም መምህር ይሉኛል፤ የተደሰቱብኝ ቀን ደግሞ ልጄ ይሉኛል። ከርሳቸው ጋር የአምስት ዓመት የልጅ ልጅ አለ። እናቱ ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ሄዳለች። የሄደችው ልጁ ተኝቶ ሳለ በሌሊት ስለ ነበረ፥ ከዚያ ወዲህ ሌሊት ነቅቶ ጨለማ ሲያይ እሪ ብሎ ያለቅሳል። መብራት ያለ እንደ ሆነ አምፖሉ ሳይጠፋ ያድራል። መብራት የሌለ እንደ ሆነ ግን ለቅሶው ግድግዳውን አልፎ ወደ እኔ ይመጣል።

አንድ ሳምንት መብራት አራት ቀን ተከታትሎ ጠፋ። በአራተኛው ማታ በሻማ የሰማንያ ተማሪ ፈተና እያረምሁ ሳለሁ እማማ በሩን አንኳኩተው ገቡ። ልጁ ነጠላቸውን ይዞ ከኋላቸው ቆሟል።

«መምህር፥ ያቺን የምታበራ ነገርህን ስጠኝና ለዚህ ልጅ በክር ባንገቱ ላንጠልጥልለት። ሌሊት ሲነቃ ብርሃን ይየው» አሉኝ።

ልጁን አየሁት። በአፉ የጃኬቱን ዚፕ እያኘከ ነበር። ይህ ልጅ እርሳስ፥ ቆርኪ፥ የኔንም የጠመኔ ስባሪ ሳይቀር እንደሚያኝክ አውቃለሁ። ፕላስቲኩን በጥርሱ ሰንጥቆ ቀጭኑን መስተዋት ቢሰብረውሳ? ፍርሃቴ እውነተኛ ነበር። ነገር ግን ይህን ለማስረዳት ስለ አቶም፥ ስለ ኤሌክትሮን፥ ስለ ጋዝ መናገር ሊኖርብኝ ነው። ሻማዬ አልቋል፤ ገና ሃምሳ ወረቀት ይቀረኛል። አንዲት ፊደል ያልቆጠሩ ሴት ይህን እንዴት ይረዱታል ብዬም በልቤ አሰብሁ። ስለዚህ አሳጠርሁት።

«አይሆንም እማማ። ይህ መርዝ ነው። የነካውን ይገድላል።»

እማማ ብልቃጧን ወደ ያዘው እጄ ተመለከቱ። «አንተስ?»

የፊተኛውን ውሸት ለማዳን ሁለተኛው ወዲያው ተወለደ። «እኔ ማርከሻውን አውቃለሁ» አልሁ።

ምንም ሳይመልሱ ልጁን አቅፈው ወጡ። እኔም ወደ እርማቴ ተመለስሁ። ያን ሌሊት ለቅሶው ከወትሮው ረዘመብኝ።

ውሸት በመቻራ ያለ መብራት ይሄዳል። በማግሥቱ እማማ ውኃ የምጠጣበትን ጣሳ ለብቻው ለዩት። ልጁ ከበሬ አልፎ እንዳይገባ ተከለከለ። በገበያ ቀን አንዲት የማላውቃት ሴት ሳልፍ ልጇን ወደ ቀሚሷ ሳበች። ይህን ሁሉ በሳቅ ላልፈው እችል ነበር፤ ከዚያ የመጣው ግን የሚያስቅ አልነበረም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከሚወስዱት ሰባት ተማሪዎች በሳምንት ሦስት ማታ እኔ ዘንድ እየመጡ ያለ ክፍያ አስጠናቸው ነበር። በሚቀጥለው ማታ የመጡት ሁለት ብቻ ናቸው። ከቀሩት አንዷ በሒሳብ ከሁሉ የምትበልጠው ልጅ ናት። በትምህርት ቤት ሳገኛት መሬት መሬት እያየች «በርሲሳ፥ አባቴ መምህሩ ቤት መርዝ አለ፥ እንዳትሄጂ ብሎኛል» አለችኝ። ፈተናው ሁለት ወር ቀርቶታል።

በዚያ ማታ ብልቃጧን ከመሳቢያ ውስጥ ጥዬ ተቀመጥሁ። መሳቢያው ሲዘጋ በስንጥቁ በኩል አረንጓዴ ብርሃን ይታይ ነበር። ያን ጊዜ የአያቴ ሰዓት ትዝ አለኝ።

አያቴ በወጣትነቱ ከድሬዳዋ የገዛው የእጅ ሰዓት ነበረው። ቁጥሮቹ ቡናማ በሆነ ቀለም የተቀቡ ናቸው። ዱሮ ሌሊት እንደ ኮከብ ያበሩ እንደ ነበር ይነግረኝ ነበር፤ እኔ ስደርስ ግን ጨልመዋል። አንድ ቀን ብርሃኑ ከቀለሙ ሥር ተደብቆ እንደ ሆነ ላይ ብዬ የሰዓቱን መስተዋት ፈልቅቄ በመርፌ ልፍቅ ስል አያቴ ደርሶ እጄን መታኝ። የመታኝ ለሰዓቱ አዝኖ ነው። ለኔ ሊያዝንልኝ ይገባ እንደ ነበር እርሱም እኔም አላወቅንም። ሰዓቱ በራዲየም ዘመን የተሠራ ነበርና። ራዲየም ግማሹ እስኪያልቅ 1600 ዓመት ይፈጅበታል። የሰዓቱ ብርሃን የጠፋው ራዲየሙ አልቆ ሳይሆን፥ የሚያበራው ዱቄት በጨረሩ ብዛት ስላረጀ ነው። ጨለማው ቀለም ዛሬም ጨረር ያወጣል። ትሪትየም ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ብርሃኑ ሲደክም ራሱም አብሮ አልቋል ማለት ነው።

የራዲየምን ነገር ያነሣሁት ለጨዋታ አይደለም። ማሪና ፒየር ኩሪ እ.ኤ.አ. በ1898 ራዲየምን ካገኙ በኋላ ዓለም ሁሉ እንደ ተአምር ተቀበለው። በመድኃኒት፥ በቅባት፥ በሚጠጣ ውኃ ሳይቀር ጨመሩት። ከ1917 ጀምሮ በአሜሪካ በኒው ጀርሲ ክፍለ ሀገር ኦሬንጅ በምትባል ከተማ ወጣት ሴቶች የሰዓት ቁጥር በራዲየም ቀለም እየቀቡ ይኖሩ ነበር። ብሩሹ እንዲሾል በከንፈራቸው እንዲያሹሉት ተነገራቸው። ጉዳት አለው ወይ ብለው ለጠየቁት የለውም ተባሉ። የኩባንያው ኬሚስቶች ግን ራሳቸውን በእርሳስ ጋሻ ይከልሉ ነበር። ሴቶቹ ጥርሳቸው ረገፈ፤ የመንጋጋቸው አጥንት በሰበሰ፤ ብዙዎቹም ሞቱ። ግሬስ ፍራየር የምትባለው ሠራተኛ ከአራት ጓደኞቿ ጋር ከሰሰች። በ1928 በስምምነት እያንዳንዳቸው 10,000 ዶላርና በዓመት 600 ዶላር እንዲከፈላቸው ተወሰነ። ከዚያ ወዲያ የሠራተኛ ደኅንነት ሕግ በዚህ ጉዳይ ላይ ተመሥርቶ ብዙ ተሻሻለ።

ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! ሁልጊዜም ጥፋተኛው የኩባንያው ሹም ነበር። ያን ማታ ግን በመሳቢያዬ ስንጥቅ የሚወጣውን ብርሃን እያየሁ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። የኩባንያው ሹም ጉዳት ያለውን ነገር «ምንም የለውም» አለ። እኔ ደግሞ ጉዳቱ ጥቂት የሆነውን ነገር «ይገድላል» አልሁ። የርሱ ውሸት ሰው ገደለ፤ የኔው ገና አልገደለም፤ በክፋትም አንድ አይደሉም። ነገር ግን ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ሁለታችንም የጠየቀንን ሰው ለማስረዳት የማይበቃ አድርገን ቆጥረነዋል።

ማስተካከሉን ከክፍሌ ጀመርሁ። በማግሥቱ በሰሌዳው ላይ በትልቁ «ምን ያህል?» ብዬ ጻፍሁና ስለ መርዙ ወሬ የሰማ እጁን ያውጣ አልሁ። ሁሉም አወጡ። ወሬውን ያወራው እኔ እንደ ሆንሁ ነገርኋቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ከዚያም ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ ሒሳቡን አብረን ሠራን።

ከትሪትየም የምትወረወረው ኤሌክትሮን ደካማ ናት። በአየር ውስጥ ብትለቀቅ ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል ሄዳ ትቆማለች። የብልቃጡን መስተዋት ማለፍ አትችልም፤ ብታልፍ እንኳ የሰው የላይኛው የሞተ ቆዳ ያግዳታል። እንግዲህ ብልቃጧ እስካልተሰበረች ድረስ ኪስ ውስጥ ብትውል ጉዳት የላትም። ብትሰበርስ? አብዛኛው ጋዝ በአየር ተበትኖ ይጠፋል። መስኮት መክፈትና ከክፍሉ መውጣት ይበቃል። ጥቂቱ ውኃ ሆኖ ወደ ሰውነት ቢገባ በአሥር ቀን ገደማ ግማሹ በሽንትና በላብ ይወጣል። ሰው የሚገድል አይደለም። ነገር ግን በሕፃን አፍ ውስጥ መሰበር የለበትም፤ ያለ ጥቅም ከሚገባ ጨረር አለመግባቱ ይሻላልና። የመስተዋቱ ስባሪማ ከጋዙ የባሰ ነው።

ያቺ በሒሳብ የምትበልጠው ልጅ እጇን አወጣች። «በርሲሳ፥ ይህ ነገር በኛ አገር ይገኛል?» አለችኝ።

የጠየቀችው ተገቢ ነገር ነው። ትሪትየም በመቻራም ይገኛል፤ በዝናቡ ውስጥ። ከሕዋ የሚመጣ ጨረር የላይኛውን አየር ሲመታ ጥቂት ትሪትየም ይፈጠራል፤ ከውኃ ጋር ተዋሕዶም ይዘንባል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ታላላቆቹ መንግሥታት የሃይድሮጅን ቦምብ በአየር ላይ ሲሞክሩ የዝናቡ ትሪትየም እጅግ ጨመረ። በነሐሴ 1963 ሞስኮ ላይ የተፈረመው ውል በአየር ላይ መሞከርን ካገደ በኋላ እየቀነሰ ሄደ። ዓለም አቀፉ የአቶም ኃይል ድርጅትና የዓለም የሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ከ1961 ጀምሮ ይህን በየአገሩ ዝናብ ውስጥ ሲለኩ፥ አዲስ አበባም ከቀደምቶቹ ጣቢያዎች አንዷ ናት። የጉድጓድ ውኃ የሚያጠኑ ሊቃውንት በዚሁ ትሪትየም ይጠቀማሉ። ውኃው ትሪትየም ካለው በቅርብ ዘመን የዘነበ ነው፤ ከሌለው ግን ከመሬት በታች ብዙ ዘመን የቆየ ነው።

«የዝናቡን ውኃ ታዲያ እንጠጣዋለን?» አለ አንዱ ደንግጦ።

«ምን ያህል?» ብለው ሌሎቹ ከኔ ቀድመው መለሱለት። እኔም መጠኑን ነገርኋቸው። ዛሬ በአንድ ሊትር ዝናብ ውስጥ የሚለወጠው የትሪትየም አቶም አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሰከንድ አንድ ቢሆን ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያወጣው መመሪያ ደግሞ በሰከንድ 10,000 ነው። በብልቃጧ ውስጥ ያለው በቢሊዮን ይቆጠራል፤ ግን ተዘግቷል። እንግዲህ አንዱ ነገር በዝናብ ውስጥ ምንም ነው፤ በተዘጋ ብልቃጥ ውስጥ ብርሃን ነው፤ በሕፃን አፍ ውስጥ አደጋ ነው። ነገሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው መጠኑና ቦታው ነው።

ከመቻራ ዙሪያ ያሉትንም ዋሻዎች አነሣሁላቸው። አቸሬንና ሩኬሳን ብዙዎቹ በስም ያውቋቸዋል፤ ለሊቃውንት መዝገብ መሆናቸውን ግን አልሰሙም ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የጂኦሎጂ ሊቅ አስፋወሰን አሥራትና አንዲ ቤከር ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት፥ በመቻራ ዋሻ ውስጥ ከጠብታ ተጠራቅሞ ያደገ የኖራ ድንጋይ ዓምድ ወስደው የጥንቱን ዝናብ ታሪክ አንብበውበታል። የዚህ ዓይነቱ ዓምድ ዕድሜ የሚታወቀው በውስጡ ያለው ጥቂት ዩራኒየም ወደ ቶሪየም ሲለወጥ በሚገኘው ሒሳብ ነው። መርዝ ብለን የምንሸሸው ጨረር የአገራችንን የዝናብ ዕድሜ የሚቆጥር ሰዓት ሆነ ማለት ነው። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ከብልቃጧ የበለጠ ተደነቁ፤ እኔም ደስ አለኝ።

ከክፍሉ ይልቅ የከበደኝ የእማማ ነገር ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡና ሲያፈሉ ሄጄ ከበርጩማው ላይ ተቀመጥሁ። ልጁ ሮጦ ከጀርባቸው ተደበቀ።

«እማማ፥ ዋሽቼዎታለሁ» አልሁ።

ጀበናውን ሳያነሡ ቀና ብለው አዩኝ። «የትኛው ነው ውሸቱ? መርዝነቱ ነው ወይስ ማርከሻው?»

«ሁለቱም።»

ጥቂት ዝም አሉ። እኔም የከሰሉን ምድጃ እያሳየሁ እንደሚገባኝ አድርጌ ነገርኋቸው። ይህን ፍም በእጅ የያዘ ሰው ይቃጠላል፤ ከበሩ ላይ የተቀመጠ ሙቀቱም አይደርሰው። የኔዋ ብልቃጥ እሳቷ እጅግ ደካማ ከመሆኑ የተነሣ ከመስተዋቷ አትወጣም። የፈራሁት ልጁ አኝኮ እንዳይሰብራት ነው። ድካሜ ስለ በረታ፥ ማስረዳቱም ስለ ከበደኝ መርዝ ብዬ አሳጠርሁት። ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኋቸው።

እማማ ቡናውን ቀድተው ስኒውን ሰጡኝ። የሰጡኝ በቤቱ ስኒ ነው፤ ለብቻ በተለየው ጣሳ አልነበረም። ከዚያም እንዲህ አሉ።

«ይህን ያን ለት ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ቢላዋም እኮ በቤቴ ውስጥ አለ። ለልጁ በእጁ አልሰጠውም፤ ግን አውጥቼም አልጥለውም። ከማይደርስበት ከፍ አድርጌ እሰቅለዋለሁ።»

አንባቢ ሆይ፥ እኔ ይህን ያህል ዓመት ተምሬ ያላገኘሁትን መላ እርሳቸው ከአንድ ስኒ ቡና በፊት አገኙት። ልጁ ብርሃኑን ማየት እንጂ መያዝ አያስፈልገውም። በዚያው ምሽት ብልቃጧን ክዳኑ በጠበቀ የመስተዋት ማሰሮ ውስጥ አድርጌ ከአልጋው ትይዩ ከጣራው ማገር ላይ በሽቦ አሰርኋት። እንኳን የአምስት ዓመት ልጅ እኔም ያለ መሰላል አልደርስባትም።

አንድ ነገር ሳልጨምር ማለፍ አይገባኝም። አጎቴ ስጦታውን ያመጣው በእንግሊዝ አገር በሱቅ እንደሚሸጥ አይቶ ነው። በአሜሪካ ግን የኒውክሌር ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ትሪትየምን ለሰዓትና ለመውጫ ምልክት ይፈቅዳል፥ ለመጫወቻና ለተራ ጌጥ አይፈቅድም። በአገራችንም ጨረር አመንጪ ነገሮች በ2009 ዓ.ም. በወጣው የጨረራና የኒውክሌር መከላከያ አዋጅ ቁጥጥር ሥር ናቸው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አንብቦ ከውጭ አስመጣለሁ የሚል ወጣት ቢኖር፥ ቁጥጥሩ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ጥያቄ ማቅረብ አለበት። ለጨለማው ብቻ ከሆነ ደግሞ በገለምሶ ገበያ የሚሸጠው በፀሐይ የሚሞላ ትንሽ ፋኖስ ከኢፋ አብልጦ ያበራል፤ ማንንም አያስፈራም። ለእማማም አንድ ገዝቼላቸዋለሁ።

ማታ ማታ የሚመጡት ተማሪዎች በአንድ ጊዜ አልተመለሱም። በመጀመሪያ ሦስት፥ ቀጥሎ አምስት ሆኑ። የዚያች ልጅ አባት ግን ለማመን አልቸኮሉም። አንድ ማታ ራሳቸው ልጃቸውን አስከትለው መጡና «መርዙ የታለ?» አሉኝ። ወደ እማማ ቤት ወስጄ አሳየኋቸው። አንጋጥጠው ብዙ አይተው፥ ሁለት ሦስት ነገር ጠየቁኝ፤ የጠየቁኝንም ሳላሳጥር መለስሁ። ከዚያ ልጃቸውን ትተው ሄዱ። ያ ማታ ከደመወዝ ቀን ይበልጥ ደስ አሰኝቶኛል።

ከጥቂት ቀን በፊት መብራት ጠፍቶ ከእማማ ጋር ስናወጋ ልጁ ከአልጋው ላይ ሆኖ ወደ ማገሩ እያየ ጠየቀኝ።

«ማታ ማታ ማነው የሚያበራት?»

«ማንም። ከራሷ እያወጣች ነው።»

«ታልቃለች?»

«ታልቃለች፤ ግን ቀስ ብላ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሲያልፍ፥ አንተ አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆንህ፥ ግማሿ ገና ይኖራል።»

ጥቂት አሰበ። «እናቴ ከዚያ በፊት ትመጣለች?»

እማማ ወደ እኔ ዞሩ። አጭርና የሚያስደስት መልስ በአፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከመርዙ ውሸት ይልቅ ይህኛው እጅግ የሚቀል፥ እጅግም የሚጣፍጥ ነበር።

«አላውቅም» አልሁት። «ነገ ግን ስትደውል አብረን እንጠይቃታለን።»

ልጁ እሺ አለ፤ ፊቱንም ወደ አረንጓዴዋ ብርሃን እንዳዞረ ተኛ።